ማን ይቀመጥበታል?

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ፤ ቡናው ገና ሁለተኛው ነው፣ የሚያስቸኩለን የለም። ማንቡክን የማያውቅ ካለ አስቀድሜ መንገዱን ላሳየው። ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ ታጥፎ፣ ቻግኒን አልፎ፣ ከቻግኒም ቁልቁል ወርዶ የመተከል ዞን ከተማ ግልገል በለስ የደረሰ ሰው፣ ከዚያም በፓዊ በኩል ሙቀቱ እየከበደው፣ ቀርከሃው እየበዛበት፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እየተጣበቀ ሲሄድ ቆይቶ የዳንጉር ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን ከተማ ያገኛታል፤ እሷ ናት ማንቡክ። ጉሙዙ፣ አገው፣ ሺናሻው፣ አማራውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ሰሊጥና ለውዝ የሚገበያይባት፣ የጉሙዝ ሴቶች በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፍ ሸክማቸውን አመዛዝነው ዘንጉን በትከሻቸው ይዘው ሳይንገዳገዱ የሚያልፉባት ከተማ ናት። መንገዱ እዚያ አያልቅም፤ ወደ ጉባ ይቀጥላል፤ ጉባ ላይ ደግሞ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ስለዚያ መንገድ ብዙ ተወርቷል። የእኔ ወግ ግን ስለ ግድቡ አይደለም። አንዲት አሮጌ ቮልስ ነበረች፤ ስለ እሷ፣ ስለ እሷም እንኳ ሳይሆን ስለ ወንበሮቿ ነው የማወጋችሁ።

የቮልሷ ባለቤት ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። አገሩ ግን ዶክተር ነው የሚላቸው፤ ዶክተር በሌለበት ዘመን መርፌ የወጋ፣ ቁስል ያጠበ፣ የወባ ኪኒን ቆጥሮ የሰጠ ሰው ሌላ ምን ይባል? በደርግ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ገዝተው ነው ያመጧት፤ ያኔም አዲስ አልነበረችም። ይህች መኪና ቆላ ትችላለች ብለው ሲነግሩን ሳቅንባቸው፤ እሳቸው ግን ነገሩን ያውቁታል። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘውም አየር ነው፤ ራዲያተር የለው፣ የሚፈላ ውሃ የለው። ታላላቆቹ መኪናዎች በበለስ ሸለቆ ሙቀት ኮፈናቸውን ከፍተው እያጨሱ ሲቆሙ እሷ ታታታታ እያለች በጎናቸው ታልፋለች፤ ድሬሰሩም ሲያልፉ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ለሰላምታ ነው ይላሉ እንጂ ለኩራት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እናላችሁ፣ ያቺ ቮልስ ስንቱን ተሸከመች! ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ከወሎና ከደቡብ በሠፈራ የመጣው ሕዝብ ፓዊ ላይ ሲሠፍር፣ ቀጥሎም በ1978 ዓ.ም. የጣልያኑ ሳሊኒ የጣና በለስን ፕሮጀክት ይዞ ሲገባ፣ ትራክተሩና ከባድ መኪናው ምድሩን ሞልቶት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተበተነ፤ የቀረልን ትልቁ ነገር የፓዊ ሆስፒታል ነው። ከማንቡክ እስከዚያ ሆስፒታል ድረስ ደግሞ በሌሊት የሚያደርስ ማን አለ? ድሬሰሩ አሉ። ወባ ያንቀጠቀጠው ልጅ፣ እባብ የነደፈው ገበሬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ምጥ የጠናባት ሴት፣ ሁሉም ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድመው ሄደዋል። ክረምት ሲሆን እኛ ጎረምሶቹ በጭቃው ውስጥ እየገፋን፣ እሳቸው መሪውን እየታገሉ፣ ከውስጥ ደግሞ "ማርያም፣ ማርያም" የሚል ድምፅ እየተሰማ፣ እንዲህ እየሆነ ነው ከዚህ አገር ልጆች አንዳንዱ የተወለደው። አንዳንዱማ ሆስፒታል ሳይደርስ እዚያው ወንበሩ ላይ ተወለደ፤ ስሙን ልጥራው ብል ይቆጣኛል፣ አሁን ሚስት አግብቷል።

ወንበር ደግሞ ዕድሜ አለው። የቆላ ፀሐይ በመስታወት ገብቶ ያን የጥንት ሰው ሠራሽ ቆዳ ሲያደርቀው፣ ሲያደርቀው ሰነጠቀው፤ በስንጥቁ ውስጥ ቡናማው ጭረት ብቅ አለ፤ ጭረቱን አይጥ ወደደው። ድሬሰሩ የለመዱትን አደረጉ፤ ከመድኃኒት ሳጥናቸው ፕላስተር አውጥተው ስንጥቁን ለጠፉት። ፕላስተሩ ላይ ፕላስተር፣ እሱም ላይ ፕላስተር፤ ባለቤታቸውም በላዩ አሮጌ ነጠላ አነጠፉበት፤ እንዲህ እየተባለ ስንት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ግን ከሞላው አንዱ ተበጥሶ ሽፋኑን በስቶ ወጣና ሆዷ የገፋ ሴት ቀሚስ ቀደደ፤ ጭኗንም ጫረው። ቁስሉ የሚያሳስብ አልነበረም፤ ድሬሰሩ ራሳቸው አጠቡት። ነገር ግን ያን ቀን ማታ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው እራት እምቢ አሉ። "ሰው ሳድን ኖሬ፣ መኪናዬ ሰው ትቁሰል?" አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌላ ነገር አላወሩም።

እዚሁ ለማሠራት ሞክረዋል፤ አይሞክሩ አትበሉኝ። የማንቡክ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን አምጥቶ መርፌው ሁለት ቦታ ተሰብሮበት ተመለሰ። ግልገል በለስ ላይ ያለ አናጢ ደግሞ ወንበሮቹን ጥዬ ጣውላ ልምታበት አለ፤ ድሬሰሩም ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። በመጨረሻ ምክሩ አንድ ሆነ፤ መርካቶ። ቮልሷን ግን እስከ መርካቶ መንዳት አይታሰብም፤ ያን ጊዜ ፍሬኗም ሌላ ወግ ነበር። ስለዚህ መኪናዋ ማንጎው ጥላ ሥር ትቅር፣ ወንበሮቹ ይሂዱ ተባለ። ለመሸከም የተመረጥኩት እኔ ነኝ።

ቮልስን ፈትታችሁ የምታውቁ ካላችሁ ትመሰክራላችሁ፤ የፊቶቹ ወንበሮች በሐዲዳቸው ላይ ወደ ፊት ተገፍተው ይወጣሉ፣ የኋላው መቀመጫ ደግሞ ብድግ ሲያደርጉት ይነሳል። ሲነሳም ከሥሩ በቀኝ በኩል ባትሪው ተቀምጦ ይታያል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ታዲያ በጥር ወር 2004 ዓ.ም. ሌሊት ተነስተን፣ ሁለቱን የፊት ወንበሮች፣ የኋላውን መቀመጫና መደገፊያ በገመድ ጠፍረን መናኸሪያ ወሰድን። ረዳቱ አያቸውና "ይህ ምንድን ነው?" አለ። "ወንበር ነው" አልነው። "ወንበር ከሆነ የወንበር ይከፈልበታል" አለ። ድሬሰሩም ቆጣ ብለው፣ "ልጄ፣ ወንበር ወንበር ላይ ተቀምጦ ያየኸው የት ነው? ጣሪያ ላይ ነው የሚሄደው" አሉት፤ ሰዉ ሳቀ፤ በመጨረሻ በእህል ጆንያ ሒሳብ ተጫነልን። አውቶቡሱም ተንቀሳቀሰ፣ ፀሐይዋም በስተፊታችን ወጣች፣ አቧራውም በስተኋላችን ተነሳ፤ በየኬላው ፈታሽ ጣሪያ ላይ በወጣ ቁጥር "የማን ወንበር ነው?" እያለ ይጮህ ነበር፣ ድሬሰሩም በየኬላው እጃቸውን ያወጡ ነበር።

ከቻግኒ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ቆላው ከእግራችን ሥር ቀረ፣ ንፋሱ ተለወጠ፣ የመስኮቱ መስታወት አንድ በአንድ ተዘጋ፤ እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባል። የደረስንበትም ቀን ጥር 23 ነበር፤ ጊዮርጊስ። የአገው ፈረሰኞች ቀን ነውና ከተማው ፈረስ በፈረስ ሆኖ ነበር። ማኅበራቸው ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ሲወርድ ሲወራረድ የመጣ ነው፤ ዓድዋ ላይ የዋለውን ፈረስና ፈረሰኛ ያስቡበታል። እኔ እንደዚያ የተሸለመ ኮርቻ አይቼ አላውቅም፤ ልጓሙ፣ እርካቡ፣ ግላሱ፣ ሁሉም ለዓይን በዓል ነው። ወንበሮቹን ከጣሪያ አውርደን ለነገ አዲስ አበባ መኪና ስንጠብቅ አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ መጥተው፣ ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ቁልቁል አዩንና፣ "አያ፣ ኮርቻውን አመጣችሁ፣ ፈረሱ የት ቀረ?" አሉ።

ድሬሰሩ ሁሉንም ነገሯቸው። ሽማግሌውም ወረዱ፤ ልጓሙን ለእኔ አቀበሉኝ፤ የኋላውን መቀመጫ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉትና ተነሳ ወረደ ሲል አዳመጡት። ከዚያም፣ "ኮርቻ ስታሠራ ለፈረሱም ለሰውየውም ነው የምታሠራው፤ ለአንዱ ብቻ ካሠራህ ሌላው ይቆስላል" ብለው ተመልሰው ወጡና ሄዱ። ድሬሰሩ አልመለሱላቸውም፤ መንገድ ላይ ግን፣ አባይን ወርደን ጃፓኖች የረዱት አዲሱ ድልድይ ላይ ስናልፍ፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው "ለሰውየውም ነው አሉ አይደል?" ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ አላስረዝመውም፤ ጎሐ ጽዮን፣ ገርባ ጉራቻ፣ ጫንጮ፣ ሱሉልታ፣ ከዚያም እንጦጦን ቁልቁል፤ አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ተራ። በማግስቱ ጧት አንድ ባለ ጋሪ ይዘን ወደ ሶማሌ ተራ ሄድን። ሶማሌ ተራን ያየ ያውቀዋል፤ መኪና ሙሉ ሆኖ የማይታይበት፣ በሩ ለብቻ፣ መብራቱ ለብቻ፣ መሪው ለብቻ ተሰቅሎ የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ወንበር የሚያለብሱት ደግሞ በየቅያሱ፣ ከአንድ ሲንጀርና ከአንድ ሰው በላይ በማትይዝ ጠባብ ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ሥራው የሚሠራው በራፍ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጋ ስንደርስ "ቀለሙ ምን ይሁን?" አለን። ሁለተኛውም "ቀለሙ ምን ይሁን?" አለ። ሌላው ጋ ደግሞ አንድ ፈጣን ልጅ የአርሴናል ዓርማ ያለበትን ሽፋን አንስቶ፣ "ፋዘር፣ በዚህ አሳምሬ ላርግልዎት፣ ሚኒባስ ሁሉ ይሄን ነው የሚያሠራው" አላቸው። ድሬሰሩ ከጨርቁ ላይ ያለውን መድፍ ትክ ብለው አይተው፣ "መድፉ ወደ ማን ነው የሚተኩሰው?" አሉት። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ አለፍን።

ከዚያ ያንን ሰውዬ አገኘነው። ጎልማሳ ነው፣ መነጽሩ በክር ታስሯል፣ ጣቶቹ በኮላ ጠቁረዋል። ወንበሮቹን ከጋሪው እንድናወርድ እንኳ ሳይጠብቅ ቀርቦ ገለበጣቸው፣ አሸተታቸው፣ አዎ አሸተታቸው፣ ከዚያም ቀና ብሎ፣ "አባቴ፣ ማን ነው የሚቀመጥበት?" አለ።

"ሰው ነዋ።"

"ምን ዓይነት ሰው?"

ድሬሰሩ ዱካ ላይ ተቀመጡና አወሩለት፤ እኔ እዚህ ያወራሁላችሁን ሁሉ፣ ወባውን፣ እባቡን፣ ምጡን፣ የተቀደደውን ቀሚስ። ሰውዬው እያዳመጠ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ይልጥ ነበር። "አገሩስ ቆላ ነው ደጋ?" አለ። ቆላ ነው አልነው። "ጥላ አላት?" ማንጎ ሥር ነው የምትቆመው። "በምን ነው የሚታጠበው?" በበረኪና ነው አሉ ድሬሰሩ፣ ደም ሲነካው በበረኪና ነው። ሰውዬው ይሄኔ መላጡን ተወና ራሱን ነቀነቀ።

ሽፋኑን በምላጭ ስፌት በስፌት ተረተረው፤ አይቀደድም፣ አይጣልም፣ ልኩ እሱ ነውና እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተጽፎበት ተቀመጠ። ከሽፋኑ ሥር ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከጥጡ ሥር የኮኮናት ጭረት በጎማ ፈሳሽ ተያይዞ የተጋገረበት ወፍራም ንጣፍ፣ ከእሱ ሥር ጆንያ፣ ከጆንያው ሥር ሞላው፤ ሞላው ደግሞ ዙሪያውን ትናንሽ የብረት ጥርስ ባለው ፍሬም ላይ ተወጥሯል፣ ሽፋኑን የሚይዙት እነዚያ ጥርሶች ናቸው። አሁን እናንተ ከወንበሩ ውስጥ ወርቅ ተገኘ፣ የጃንሆይ ብር ተገኘ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። የተገኘው ሰሊጥ ነው። አንድ እፍኝ የሚሞላ ሰሊጥ፣ የአይጥ ቤትና የፀጉር ሹካ።

ከዚያም ሰውዬው የኋላውን መቀመጫ ቀኝ ጎን አዙሮ አሳየን። ጆንያው ጠቁሯል፣ አንድ ሞላ ላይም ትንሽ ቃጠሎ አለ። "ባትሪው ክዳን አለው?" ብሎ ጠየቀ፤ የለውም። እንግዲህ ስሙት፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ከነካ እሳት ነው፤ ከላዩ ያለው ደግሞ ጆንያና ጭረት ነው። ስንት ቮልስ በዚህ እንደተቃጠለች ለድሬሰሩ ሲነግራቸው ሽማግሌው ላብ አጠመቃቸው፤ በእሳት ላይ ነበር ለካ ያን ሁሉ ሰው ያስተኙት። የመጀመሪያው ሥራ እሱ ሆነ፤ ከወፍራም ጎማ ክዳን ተቆረጠ።

ጭረቱን ምን እናድርገው የሚለው ላይ ብዙ ተባለ። ልጅ እግሩ ረዳት ይጣል፣ በስፖንጅ ይተካ አለ፤ ርካሽም ነው፣ ቶሎም ያልቃል። ሰውዬው ግን ስፖንጅ በቆላ ላብ ጠጥቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ዱቄትነት ይሄዳል፣ ጭረቱ አየር ያሳልፋል ብሎ ደህና የሆነውን አራግፎ አዳነው፤ የተበላውን ብቻ ቆርጦ ሞላበት፤ ከላይ ነው ስስ ስፖንጅ ያደረገበት። ሞላዎቹን በሽቦ አሠረ፣ ጆንያውንም ከአዲስ ጆንያ ቆረጠ።

እየሠራም ያወራል። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ወደ ፊት አጥፎ፣ "ይህችን እጥፋት ታውቋታላችሁ?" አለ፤ ቮልስ የሚሠራ ሰው ሁሉ ያወራታል። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዙፋን ላይ የተቀመጡት ጃንሆይ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቮልስ ሁለት በር ነው ያላት፤ ወደ ኋላ ለመግባት የፊቱ ወንበር መታጠፍ አለበት፣ ሰውም ጎንበስ ማለት አለበት፤ ንጉሥም ቢሆን። ሰውዬው ይህን ብሎ ወንበሩን መለሰና ሥራውን ቀጠለ። ማንም አልፈረደም፣ ማንም አልሳቀም፤ ድሬሰሩ ብቻ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

አሁን ወደ ነገሩ ልብ ደረስን። ድሬሰሩ የፈለጉት ወንበሩ እንደ ጥንቱ እንዲሆን ነው፤ ቡናማ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ በቁም የተሰፉ መስመሮች ያሉት፣ ጠርዙ ላይ ገመድ ያለበት። ጀርመኖቹ እንደሠሩት ማለት ነው። ሰውዬውም ለፊተኞቹ እሺ አለ። የኋላውን ግን እንደዚያ አልሠራም አለ። "በየመስመሩ ስፌት አለ፤ በየስፌቱ የመርፌ ቀዳዳ አለ። ደም በቀዳዳው ይገባል፤ ከገባ አይወጣም። በበረኪና ስታጥቡት ደግሞ በረኪናው ክሩን ይበላዋል፤ ከዚያ ይተረተራል። እኔ አንድ ወጥ ቆዳ ነው የማለብሰው፤ ስፌቱን ሁሉ ወደ ጠርዝ እወስደዋለሁ፤ በጨርቅ ጠራርገው ይጨርሱታል" አለ።

ሽማግሌው ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ትዳራቸውን የነኩባቸው ነበር የመሰለኝ። እንደ ጥንቷ ነው የምፈልጋት፣ ገንዘቤ ነው፣ መኪናዬ ነች አሉ። ሰውዬው አልተከራከረም። ጠመኔውን አስቀመጠና የረዳቱን ሻይ ተቀብሎ ጠጣ፤ ለእሳቸውም ሻይ አስመጣላቸው። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ እሱ ለሚተኛው አሰበ፣ እሳቸው ደግሞ ለቮልሷ ክብር። ሻያቸውን ጠጡ፣ ቀዘቀዘም፣ አሁንም ጠጡ፤ ከዚያ ወደ ተተረተረው አሮጌ ሽፋን ጎንበስ ብለው አንዱን መስመር በጥፍራቸው ከፈት አደረጉ፣ ውስጡን አዩ፣ ለረጅም ጊዜ አዩት። ድሬሰር ናቸው፤ የቆየ ደም ምን እንደሚመስል ማንም አይነግራቸውም።

"ቁረጥ" አሉ።

ቆረጠ። ሲንጀሩ ቀኑን ሙሉ ጮኸ። አዲሱን ቆዳ ከመወጠሩ በፊት እስኪለሰልስ የጥር ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ ከዚያ እሱና ረዳቱ በግራና በቀኝ ይዘው፣ በጉልበታቸው እየተጫኑ፣ ከወትሮው አጥብቀው ወጠሩት፤ ቆላ ሲደርስ ይላላልና፣ አዲስ አበባ ላይ ልኩን የሆነ ማንቡክ ላይ ይሸበሸባል አለ። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ዛሬ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ፣ ያኔ ግን አልተሳቀም።

የመልሱ ጉዞ ወግ አጭር ነው፤ በመጣንበት ተመለስን፣ ረዳቱም ሌላ፣ ክርክሩ ግን ያው። ማንቡክ ስንደርስ ሠፈሩ ሁሉ ማንጎው ሥር ተሰብስቦ ነበር። ባትሪው ክዳኑን ለበሰ፣ የኋላው መቀመጫ ቦታው ገባ፣ የፊቶቹም በሐዲዳቸው ተንሸራተው ቂው ብለው ተቆለፉ። ሕፃናቱ እየተጋፉ ሲነኩት፣ ሰዉም "የአዲስ መኪና ሽታ" ሲል፣ ባለቤታቸው እትዬ ከቤት ብቅ አሉ፤ እጃቸው ላይ ጥልፍ ያለበት አንሶላ አለ። ያን ሁሉ መንገድ ተሄዶበት፣ ያን ሁሉ ተከራክረውበት የመጣውን ወንበር፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አለበሱት። "አዲስ ነገር አይሸፈንም እንዴ? ፀሐዩስ?" አሉ። ድሬሰሩ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ሕመምተኛ ሲመጣ ብቻ አንሶላው ይነሳ ነበር፤ ሲወርድ ተጠራርጎ እንደገና ይነጠፍ ነበር። አንድም ቀን ደም አልዘለቀውም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። በ2012 እና በ2013 መተከል ላይ የሆነውን እኔ ለእናንተ አልተርክም፤ ከመካከላችሁ ሰው ያልቀበረ የለም፣ በየትኛውም ወገን። ቻግኒ አጠገብ ራንች የሚባለው ቦታ በድንኳን ሲሞላ፣ ድሬሰሩና እትዬም ከወታደር አጀብ ኋላ ተሰልፈው ከማንቡክ ወጡ። ቮልሷ ያን ቀን ስንት ሰው እንደያዘች አልቆጥርላችሁም፤ ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት አራስ ከነልጇ፣ አንድ ሽማግሌ፣ የጎረቤት ሕፃናት ነበሩ፣ የሕፃናቱን ቋንቋ እትዬ ብቻ ነበሩ የሚያውቁት። አንሶላው ለሕፃኑ መጠቅለያ ሆነ። ቻግኒ ደርሰው ዘመድ ቤት ገቡ፤ ድሬሰሩም አርጅተዋልና እዚያው ቀሩ።

እዚያ ነው እንግዲህ በ2017 ዓ.ም. አንድ የአዲስ አበባ ሰው የመጣባቸው። አሮጌ ቮልስ ፈልጎ የሚገዛ፣ ቀለሙን መልሶ፣ ዕቃውን አሟልቶ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ጨዋ ነው፣ ነገሩንም ያውቃል። የመጨረሻዋ የጥንቷ ቮልስ በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከተማ እንደተሠራች፣ በዓለም ከ21 ሚሊዮን በላይ እንደተሠራ አወራልን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እንዴት እንዳስወደደው፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት እንደተከለከለ፣ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው ሁሉ ዋጋዋ እንደጨመረ ነገረን። በዚያው በ2017 ለሕዝብ በተከፈተው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የንጉሡን መኪናዎች አይቶ ወንበራቸው ሳይነካ እንደተቀመጠ ሲናገር ዓይኑ ይበራ ነበር። ቮልሷን ዞሮ ዞሮ አያት፤ በሮቿን ከፈተ፤ የፊት ወንበሮቹን ሲያይ "ግሩም ነው፣ እንደ ኦሪጅናሉ ነው" አለ። ከዚያ የፊቱን አጥፎ አንገቱን ወደ ኋላ አስገባና ቆየ።

"አባባ፣ የኋላው ኦሪጅናል አይደለም" አለ። "መስመሮቹ የሉም። ልዩ ልብስ ነው ያለበሱት። ይህ ዋጋዋን ይቀንሰዋል።"

"ስንት ይቀንሰዋል?" አሉ ድሬሰሩ።

ነገራቸው። ደህና ገንዘብ ነበር፤ ከተቀነሰው ይልቅ የቀረው ራሱ ደህና ነበር፤ ዘመዶቻቸውም ይሽጡ እያሉ በዓይን ይጠቅሷቸው ጀመር። ድሬሰሩ ቁልፉን ከሰውዬው እጅ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱና፣ "ቡና ጠጣ" አሉት። ሰውዬው ቡናውን ጠጣ፤ ሦስተኛውንም ጠጣ፤ ዋጋውንም በየስኒው እየጨመረ ጠጣ። ሰዓቱን ሲያይ ግን መኪናው ሊያመልጠው ነው፤ መናኸሪያው ሩቅ ነው፣ ባጃጅም የለም። እሳቸውም ተነሡ፣ ላድርስህ አሉት። እትዬም ገበያ ነበራቸውና ዘንቢላቸውን ይዘው ቀድመው ከፊት ገብተው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ቆመ፣ ሁለቱን አየ፤ እትዬ ወጥተው ወንበራቸውን አጠፉለት፣ እሱም ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ ገባ።